አረንጓዴ ኮፍያ

በምሠራበት ፋብሪካ የሰው ማዕረግ ከሩቅ የሚለየው በኮፍያው ቀለም ነው። ዶሮ ቆራጩ ነጭ ይደፋል፣ መካኒኩ ሰማያዊ፣ ሱፐርቫይዘሩ ቀይ። የኔ አረንጓዴ ነው። አረንጓዴ የሚደፋው «ሊድ» ነው፤ እንደሌላው ሁሉ ቢላዋ ይዞ «ላይኑ» (የመቁረጫው መስመር) ላይ ይቆማል፣ ሰው ሲጎድል ግን ሮጦ ክፍተቱን ይደፍናል። ለዚህ ሩጫ በሰዓት አንድ ዶላር ይጨመርለታል። ይህቺ አንድ ዶላር ናት እንግዲህ ጠበቃ ያቆመችብኝ፣ በመሐላ ያናገረችኝ፣ የድምፅ መስጫ ወረቀቴንም በፖስታ አሳሽጋ ለወራት ያስቀመጠችው።

ነገሩ የተጀመረው የላይኑ ፍጥነት በተጨመረ ሰሞን ነው። ከተማችን በአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ ያለች፣ ከፋብሪካው ሌላ ብዙ የሚያስጠራት ነገር የሌላት ትንሽ ከተማ ናት። ምሳ ክፍሉ ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና ስፓኒሽ እኩል ይሰማል። ፍጥነቱ ሲጨመር በሁሉም ቋንቋ የሚወራው የእጅ መደንዘዝ ብቻ ሆነ። ሁላችን እትዬ የምንላቸው አንዲት የወሎ ሴት አሉ፤ ጠዋት ጣቶቻቸው አልታጠፍ ስለሚሏቸው የቡና ስኒውን በሁለት መዳፋቸው መሀል አጣብቀው ነው የሚጠጡት። ወደ ፋብሪካው ክሊኒክ ሄደው በረዶና የሕመም ማስታገሻ ተሰጣቸውና በዚያው ቀን ወደ ላይኑ ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ነው ዩኒየን (የሠራተኛ ማኅበር) ይቋቋምልን የሚል ካርድ ከኪስ ኪስ መዞር የጀመረው። እኔም ፈረምኩ።

በአሜሪካ ሕግ ከሠራተኛው ቢያንስ 30 በመቶው ከፈረመ፣ የብሔራዊ የሠራተኛ ግንኙነት ቦርድን ምርጫ አካሂድልን ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ከዚያ በላይ ሰብስበን አቀረብን። ከምርጫው የሚቀድም ጥያቄ ግን አለ። 30 በመቶ የማን? ድምፅ የሚሰጠው ማን ነው? በአንድ የኅብረት ስምምነት ሥር አብሮ የሚደራደረው ማን እንደሆነ ሳይለይ ምርጫ የለም። ማን ውስጥ ማን ውጭ እንደሆነ የሚወሰንበት ቀን ድምፅ ከሚሰጥበት ቀን ይበልጣል፤ ይህን የምለው አሳምሬ ስላየሁት ነው።

ካምፓኒው ይህን ከኛ ቀድሞ ያውቅ ነበር። ማመልከቻው በገባ ሳምንት አረንጓዴ ኮፍያ የምንደፋ ሁሉ ቢሮ ተጠራን። አዲስ ባጅ ተሰጠን፤ ከስማችን ሥር «የቡድን አስተባባሪ» ይላል። ደመወዙ ያው፣ ቢላዋውም ያው። «ከዛሬ ጀምሮ የማኔጅመንቱ አካል ናችሁ» ተባልን፤ ለሠራተኛው ስለ ዩኒየን ምን ምን እንደምንነግር የተጻፈበት ወረቀትም ታደለን። ሆዴን ባር ባር አለው። እ.ኤ.አ. በ1935 የወጣው የሠራተኛ ግንኙነት ሕግ፣ ማኅበር ፈልጎ የፈረመን ሠራተኛ እንዳይባረር ይከላከላል፤ በሕጉ ዓይን ሱፐርቫይዘር የሆነን ሰው ግን አይከላከልም። ያ ባጅ ከጸና፣ ካርድ ስለፈረምኩ ብቻ ነገ ቢያሰናብቱኝ አቤት የምልበት የለኝም።

ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በማርች 1947 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የፓካርድ መኪና ፋብሪካ ፎርማኖች ሠራተኞች ናቸው፣ መደራጀት ይችላሉ ብሎ ፈርዶ ነበር። በዚያው ዓመት ጁን ላይ ኮንግረሱ የፕሬዚዳንት ትሩማንን ቪቶ ሽሮ የታፍት ሃርትሊን ሕግ አጸደቀ፤ ሱፐርቫይዘሮችም ከሠራተኛ ተርታ ወጡ። የፎርማኖቹ ድል የአንድ ወቅት ዕድሜ እንኳ አላገኘም።

ያው ሕግ ጥበቃዎችንም ለይቷል። አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ከሌላው ሠራተኛ ጋር በአንድ የድርድር ስብስብ ውስጥ መግባት አይችልም፤ አድማ ቢመታ የፋብሪካውን ንብረት ከገዛ ማኅበርተኞቹ መጠበቅ ሊኖርበት ነው ተብሎ። የኛ የበር ጥበቃ የአሥመራ ልጅ ነው። የሌሊት ሺፍት ስንወጣ የመኪናችንን መስታወት በረዶ ጠርጎ ይጠብቀናል። ካርድ እንደሚዞር ሲሰማ ለኔም ስጡኝ አለ። የዩኒየኑ ሰው አይቻልም፣ ከፈረምክ ማመልከቻውን ታስወድቅብናለህ ብሎ መለሰው። «ሲበርደን አንድ ላይ፣ ስንፈርም ለየብቻ?» አለኝ። ሕጉን አስረዳሁት፤ ሕጉን ማስረዳት ግን መልስ እንዳልሆነ ፊቱ ላይ አየሁ።

ማን ውስጥ ማን ውጭ ነው የሚለው ጉዳይ የሚሰማው ከኛ ሁለት ሰዓት በሚያስነዳ ከተማ፣ በአንድ የፌዴራል ሕንፃ ውስጥ ነበር። ከሌሊት ሺፍት እንደወጣን ለምስክርነት የተቆጠርነው በአንድ ቫን ተጭነን ተነሣን። በረዶው ማባራት እንቢ አለ። ሀይዌዩ ላይ አንድ ትልቅ ተሳቢ ተጠማዞ መንገዱን ዘግቶት ስለነበር በበቆሎ እርሻዎች መካከል በጠጠር መንገድ ዞርን፤ እትዬ ፊት ወንበር ላይ ሆነው ከመነሻ እስከ መድረሻ እመብርሃንን ሲጠሩ ነበር። ልብስ ለመቀየር ጊዜ አልነበረም። የሕንፃው መግቢያ ላይ ደግሞ ብረት የሚፈትሽ በር አለ፤ የኛ ቦት ጫማ ጫፉ ብረት ነው። የመጀመሪያው ሰው ሲገባ ጮኸ። ሁለተኛውም። በመጨረሻ ሁላችን ጫማችንን አውልቀን፣ እርጥብ ካልሲ ለብሰን፣ የዶሮ ስብ የጠጣ ቦት ጫማችንን በፕላስቲክ ሣጥን እያስተላለፍን ገባን። እትዬ ጎንበስ ብለው ማሰሪያቸውን ለመፍታት ጣታቸው አልታዘዝ ሲላቸው ተንበርክኬ የፈታሁላቸው እኔ ነኝ። የካምፓኒው ጠበቃ ከኋላችን ወረፋ ይዞ ቆሞ ያያል። በኋላ ይህንንም የአለቃና የበታች ግንኙነት ይለው ይሆን ብዬ አሰብኩ።

ሕጉ አንድን ሰው ሱፐርቫይዘር የሚያሰኙ 12 ሥልጣኖች ይዘረዝራል። መቅጠር፣ ማዛወር፣ ማገድ፣ በሥራ መቀነስ ማሰናበት፣ መልሶ መጥራት፣ ማሳደግ፣ ማባረር፣ መመደብ፣ መሸለም፣ መቅጣት፣ በኃላፊነት መምራት፣ ቅሬታ መፍታት። ከነዚህ አንዷ ትበቃለች፤ ሰውየው በራሱ ሚዛን አመዛዝኖ የሚወስን ከሆነ ነው እንጂ የታዘዘውን የሚያስተላልፍ ከሆነ አይቆጠርም። የማስረዳት ሸክሙም አለቃ ነው ባዩ ላይ ነው። ጠበቃው መቅጠርና ማባረርን አልነካም፤ እንደማያዋጣ ያውቃል። የያዘው «መመደብ»ን ነው። ቦርዱ እ.ኤ.አ. በ2006 በሚሺጋን የአንድ ሆስፒታል ነርሶች ጉዳይ ላይ፣ የትኛው ነርስ የትኛውን ታካሚ እንደሚይዝ የሚመድቡትን ቋሚ የፈረቃ ኃላፊዎች ሱፐርቫይዘር ብሏቸዋልና።

ጠበቃው ከላይኑ ራስጌ የሚሰቀለውን የነጭ ሰሌዳ ፎቶ አወጣ። ክንፍ ላይ እነ እገሌ፣ ጭን ላይ እነ እገሌ፣ ደረት ላይ እነ እገሌ ይላል። ጽሕፈቱ የኔ ነው።

«ይህን የጻፍከው አንተ ነህ?»

«አዎ። ቀይ ኮፍያው ማታ ከሚተውልኝ ወረቀት ገልብጬ።»

«ሰው ሲቀርስ?»

«ሁለት ሰው ካለበት ቦታ አንዱን አመጣለሁ።»

«ማን እንደሚሻል አስበህ?»

«ማን እንደሚቀርብ አይቼ ነው። ሰንሰለቱ አይቆምም።»

«እምቢ ቢልህስ?»

«ራሴ እገባለሁ።»

ደጋግሞ ጠየቀኝ፤ ደጋግሜ ያንኑ መለስኩ። ሌላ መልስ ስለሌለ ነው። ላይኑ ላይ የቆመ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፦ አንድ ቦታ ባዶ ከሆነ ዶሮው ተከምሮ ወለል ላይ ይወድቃል፤ ማን ምን ይችላል ብሎ ለማመዛዘን የሚሆን ትንፋሽ የለም።

እትዬ በአስተርጓሚ መሰከሩ። አለቃዎ ማን ነው ሲባሉ ወደ እኔ ዘወር ብለው፣ «እሱማ ልጄ ነው፤ አጠገቤ ቆሞ ይቆርጣል» አሉ። ሽንት ቤት ለመሄድ ማንን ያስፈቅዳሉ? «ቀይ ኮፍያውን።» ቢያምዎትስ? «ቀይ ኮፍያውን።» እሱ ቀጥቶዎት ያውቃል? እትዬ ጠያቂውን ትክ ብለው አዩት። «ምን ይዞ ይቀጣኛል?» ከዚያ ማንም ሳይጠይቃቸው እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ሊጨብጡ ሞከሩ፤ ጣቶቹ ግማሽ መንገድ ላይ ቀሩ። የመዝገብ ጸሐፊው የተዘረጋን እጅ ሊመዘግብ አይችልም፤ እኔ ግን ከዚያ ቀን ምስክርነት ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነበር እላለሁ።

ሁለተኛው ክርክር ስለ መካኒኮቹና ስለ መጋዘኑ ነበር። ዩኒየኑ የጠየቀው ቆራጮቹንና መካኒኮቹን ነው። ካምፓኒው መጋዘኑና የቢሮ ጸሐፊዎቹ ካልተጨመሩ ስብስቡ ጎዶሎ ነው አለ። ቦርዱ የሚያየው የጋራ ጥቅም መኖሩን ነው፦ ሰዎቹ በአንድ ክፍል ናቸው ወይ፣ ሙያቸው ይቀራረባል ወይ፣ ሥራቸው አንዱ ካንዱ የተያያዘ ነው ወይ፣ ይገናኛሉ ወይ፣ ይቀያየራሉ ወይ፣ ደመወዛቸውና ሰዓታቸው አንድ ዓይነት ነው ወይ፣ አለቃቸው አንድ ነው ወይ። ጥያቄዎቹ ጥሩ ናቸው። ጠባብ ስብስብን የሚቃወም ወገን ምን ያህል ማስረዳት አለበት የሚለው ግን ዋሽንግተን ያለው ቦርድ ሰው በተቀየረ ቁጥር ይቀያየራል፤ እ.ኤ.አ. በ2011 አንድ መለኪያ ወጣ፣ በ2017 ተሻረ፣ በ2022 ተመለሰ። የሠራተኛ መብት በምርጫ ዘመን መወዛወዙ ያናድደኛል።

ቴኔሲ ውስጥ ቻተኑጋ የሚገኘውን የቮልስዋገን ፋብሪካ ታሪክ ያነበብኩት በዚያ ሰሞን ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ሠራተኛው ሁሉ ድምፅ ሰጥቶ የመኪና ሠራተኞች ዩኒየን 712 ለ626 ተሸነፈ። በ2015 መጨረሻ ሮቦቶቹን የሚጠግኑት 160 ያህል ባለሙያዎች ብቻቸውን ወጥተው 108 ለ44 አሸነፉ። ካምፓኒው ግን ብቻቸውን ስብስብ ሊሆኑ አይገባም ብሎ አልደራደርም አለ፤ ክርክሩ ዓመታት ፈጅቶ፣ በ2019 ዩኒየኑ ያንን ስብስብ ራሱ ለቀቀው። በዚያው ዓመት ፋብሪካው በሙሉ ድምፅ ሰጠ፤ 833 ለ776 ተሸነፈ። እ.ኤ.አ. በአፕሪል 2024 ግን 2,628 ለ985 አሸነፉ። እዚያው ቴኔሲ፣ ስመርና ባለው የኒሳን ፋብሪካ፣ 80 የሚበልጡ የሻጋታ ባለሙያዎች ለብቻቸው ድምፅ ለመስጠት ሁለት ዓመት ያህል ተከራክረው ፈቃድ ሲያገኙ፣ በ2023 ድምፁ 62 ለ9 በተቃውሞ አለቀ። ትንሽ ቡድን በቀላሉ ያሸንፋል የሚለውን ምክር ከዚያ ወዲህ አልቀበልም። መካኒኮቹ ከኛ ጋር ይሁኑ ያልኩትም ለዚህ ነው። ሰንሰለቱ ሲበጠስ እነሱም እኛም አንድ ውሃ ውስጥ ነው የምንቆመው።

ስንመለስ ቫኑ ውስጥ እትዬ የአገር ቤቱን አነሡ፤ በወጣትነታቸው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠርተዋል። በአገራችንም ነገሩ ሩቅ አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት 10 ሠራተኛ ባለበት ማኅበር ማቋቋም ይቻላል፤ የሥራ መሪ ግን ከአዋጁ ሽፋን ውጭ ነው፣ መለኪያውም መቅጠር፣ ማዛወር፣ ማገድ፣ ማሰናበት፣ መመደብ የሚሉት ናቸው። «ስም ሰጥቶ ማውጣት የትም አለ» አሉ እትዬ፤ ከዚያ እስከ ከተማችን ድረስ ተኙ።

ውሳኔው ሲመጣ መካኒኮቹ ውስጥ፣ የቢሮ ጸሐፊዎቹ ውጭ ሆኑ፤ መጋዘኑ ገባ። አረንጓዴዎቹ ግን ለኋላ ቀረን፦ ድምፅ ስጡ፣ ወረቀታችሁ ተለይቶ ይቀመጥ ተባለ። በምርጫው ቀን ሌላው ወረቀቱን አጥፎ ሣጥን ውስጥ ይጥላል። የኔን ፖስታ ውስጥ ከተቱት፤ ያንን ደግሞ ስሜ የተጻፈበት ሌላ ፖስታ ውስጥ። ማታ ሲቆጠር ዩኒየኑ በጥቂት ድምፅ መራ። የታሸጉት ፖስታዎች ከልዩነቱ ይበልጡ ነበር።

ያን ክረምት በሙሉ ቁርጡ ሳይታወቅ ከረመ። ከባዱ ነገር የሰው ዓይን ነው፤ ነጭ ኮፍያዎቹ እንዴት ድምፅ እንደሰጠሁ በልባቸው ይጠይቃሉ፣ ቀይ ኮፍያዎቹም እንዲሁ። ባጁን አንጠልጥዬ ስገባ ምሳ ጠረጴዛ ላይ ወሬ የሚቋረጥበት ቀን ነበር። በመጨረሻ ሊዶቹ ሠራተኞች ናቸው የሚል ውሳኔ መጣ። የላይኛው ፖስታ ከነስማችን ተለየ፣ የውስጦቹ ተደባለቁ፣ ተከፈቱ፣ ተቆጠሩ። አሸነፍን። ከአረንጓዴዎቹ አንዳንዱ እንቢ ብሎ መርጧል፤ ማን እንደሆነ አይታወቅም፣ መታወቅም የለበትም።

አንጀቴን የሚበላኝ ጉዳይ ግን አለ። እኛ ስንወጣ የሚገቡት የሌሊት ጽዳት ሠራተኞች በዚህ ሁሉ ክርክር ስማቸው አልተነሣም፤ ቀጣሪያቸው ሌላ ኮንትራክተር ነው። ቢላዋችን የዋለበትን ማሽን በፈላ ውሃና በኬሚካል የሚያጥቡት እነሱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ የሥራ ሚኒስቴር፣ ፓከርስ ሳኒቴሽን የተባለ ድርጅት በስምንት ግዛቶች በ13 የሥጋ ፋብሪካዎች 102 ልጆችን በሌሊት ጽዳት ማሠራቱን አጋልጦ 1.5 ሚሊዮን ዶላር አስከፍሎታል። እንዲህ ያለው ነገር የሚደርሰው ከማንኛውም ዝርዝር ውጭ በቀረ ሰው ላይ ነው። በድርድሩ ኮሚቴ ውስጥ ስላለሁ ጽዳቱ ወደ ፋብሪካው ቅጥር ይመለስ የሚል አንቀጽ አስገብቻለሁ፤ ካምፓኒው ሁለት ጊዜ ሰርዞታል፤ ሦስተኛ ጊዜ ጽፈን ልከናል።

የአሥመራው ልጅ በበኩሉ መንገዱን ራሱ አገኘው። ጥበቃዎች ብቻ የሚደራጁበት ማኅበር በሕጉ ይፈቀዳል። የሦስቱን ሺፍት ጥበቃዎች እያነጋገረ ነው፤ ቅዳሜ ዕረፍት ስለሆንኩ ሁለቱ ቤት በመኪናዬ ላደርሰው ተቀጣጥረናል።