ያደሩትና እንቅልፍ የነሱት

«እማማ፣ ትናንት ማታ እዚህ ቤት ያደረው ስንት ሰው ነው?»

«ያደርነውስ ሁለት ነን ልጄ። እንቅልፍ የነሱኝ ሦስት ናቸው።»

ጃማ ወረዳ፣ ደጎሎ ላይ የሕዝብ ቆጣሪ ደጅ ቢቆም የሚያገኘው መልስ ይሄ ነው። ቅጹ ላይ «ሁለት» ይጻፋል። ከሦስቱ አንዷ ሪያድ ሰው ቤት ናት፣ አንዱ መተማ ሰሊጥ ላይ ነው፣ አንዱ በጅቡቲ አድርጎ ባሕር ሊሻገር ወጥቷል።

የሄዱትን ጤና ስናነሳ ኃላፊዎች «ወጣቱማ ጤነኛ ነው፤ ጤና ጣቢያ አይመጣም» ይላሉ። ጤነኛ ስለሆነ አይደል የሄደው! የታመመማ በረሃ አያቋርጥም።

«ካላአዛር የቆላ በሽታ ነው፤ ደጋ ምን ያደርጋል?» ይላሉ። በራሱ እግር አልመጣም፤ በልጆቻችን እግር መጣ። የደጋ ልጅ ለአረምና ለአጨዳ መተማና ሁመራ ይወርዳል። ማታ ሜዳ ላይ ግራር ሥር ሲተኛ የአሸዋ ዝንብ ይነክሰዋል። ትኩሳቱ ግን የሚነሳበት ከወራት በኋላ፣ ገንዘቡን ቋጥሮ ቤቱ ከገባ ወዲያ ሊሆን ይችላል። ይከሳል፣ ጣፊያው ያብጣል። መዝገቡ «አድራሻ፦ ደጎሎ» ይላል። የት ከርሞ እንደመጣ ካልተጠየቀ ወባ ተብሎ ይታከማል። አላጋነንኩም፤ በ1997 ዓ.ም. ሊቦ ከምከም ላይ የታወቀው ካላአዛር መጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ መስሎ ነበር። እስኪታወቅ ብዙ ሰው አለቀ።

«የሕዝቡ ቁጥር በእጃችን ነው» ይላሉ። የመቼው? የመጨረሻው ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ያዘዘው ግን በየአሥር ዓመቱ ነው። ያኔ በአንቀልባ የተቆጠረችው ሕፃን ዛሬ ዓረብ አገር የሰው ልጅ አዝላለች።

«ተመላሾቹን መዝግበናል» ይላሉ። በ2006 ዓ.ም. ሳውዲ በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችንን ስትመልስ ቦሌ ላይ ራስ ተቆጥሯል። ራስ ውስጥ ያለው ሕመም ግን በአንድ ቀን ምዝገባ አይገኝም።

«የሚወጣ የሚገባውን ማን ይችለዋል?» ይላሉ። ቡታጅራ ችሎታል። እዚያ ያለው የጤና ጥናት ጣቢያ ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ የተወለደውን፣ የሞተውን፣ የለቀቀውንና የገባውን ቤት ለቤት ሲመዘግብ ኖሯል።

ጃማ ላይ እንዲህ ያለ ጣቢያ እስኪተከል አንጠብቅ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እህቴ፣ የቤተሰቡን ማኅደር ስትከፍቺ ሁለት ጥያቄ ጨምሪ፦ የት ከርመህ መጣህ? ምን ሆነህ መጣህ? እማማንም ያደሩትን ብቻ ሳይሆን እንቅልፍ የነሷቸውን ጠይቂያቸው።