ርዮ በቀን 500 የን ይበቃዋል

ወዳጄ ነገር ሲያምረው በጌም በኩል ይመጣል። ሰሞኑን የመጣው በ«ሼንሙ» ነው።

«ያ ልጅህ የአባቱን ገዳይ ማሳደድ ከጀመረ ስንት ዓመት ሆነው?»

«ጌሙ ከወጣ ከ25 ዓመት በላይ።»

«እስካሁን አላገኘውም?»

«ገዳዩንስ አግኝቶታል። የጠፋው ለመጨረሻው ክፍል የሚከፍል ሰው ነው።»

ለማያውቀው አንባቢ ባጭሩ ልንገር። ታሪኩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1986 መገባደጃ፣ ዮኮሱካ በምትባል የጃፓን የወደብ ከተማ ነው (ዓመታቱን ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ላን ዲ የተባለ ቻይናዊ የርዮ ሃዙኪን አባት በገዛ ቤቱ፣ ልጁ ዓይኑ እያየ ይገድለዋል። ከዚያ ወዲህ ርዮ በር እያንኳኳ፣ መንገደኛ እያስቆመ፣ መሳቢያ እየከፈተ ገዳዩን ይፈልጋል። ጌሙን የሠራው «አውት ራን»ንና «ቨርቹዋ ፋይተር»ን ለጃፓኑ የጌም ኩባንያ ለሴጋ ያበረከተው ዩ ሱዙኪ ነው። አንደኛው ክፍል በ1999፣ ሁለተኛው በ2001 ወጣ። ሦስተኛው 18 ዓመት አስጠብቆ በ2019 መጣ። አራተኛ ክፍል የለም። የምንጨቃጨቀውም በዚሁ ባልተወለደው ክፍል ነው፤ ትልቅ ገንዘብ ይፍሰስበት ወይስ ይቅር?

«ሴጋን የገደለ ጌም ነው፤ ይቅር» አለኝ።

«ሬሳ አጠገብ የተገኘ ሁሉ ነፍሰ ገዳይ አይባልም» አልኩት። ሴጋ ጌሙ የወጣበትን ድሪምካስት የተባለ ማጫወቻ ከማውጣቱ በፊት በቀድሞው ማጫወቻው በሳተርን ቆስሎ ነበር። በ2000 ተፎካካሪው ፕሌይስቴሽን 2 መጣበት። በጃንዋሪ 2001 ድሪምካስትን መሥራት እንደሚያቆም አስታወቀ። ይህን ሁሉ በአንድ ጌም ጫንቃ ላይ መጫን ግፍ ነው።

ሒሳቡን ግን አልክድም። ሲወራ የኖረው የአንደኛው ክፍል ወጪ 70 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ሱዙኪ በ2011 ራሱ ሲናገር 47 ሚሊዮን አለው። የተሸጠው 1.2 ሚሊዮን ቅጂ ገደማ ነው። አካፍሉት፦ ለአንድ ቅጂ ወደ 39 ዶላር ወጪ፣ ያውም ሻጩ ድርሻውን ሳያነሳ። ለአሥር እንግዳ ስድስት ሰንጋ እንደ መጣል ነው። እንግዶቹ በልተው አመስግነው ሄዱ፤ ደጋሹ ባዶ በረት ታቀፈ።

«እንዲያውም ቀርፋፋ ነው። በር እስኪከፍት አዛጋለሁ።»

«ሦስተኛው ቡና እስኪቀዳ የምትጠብቅ ሰው ስለ ዝግታ አታማርር።»

እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም፤ የጌሙ ነፍስ ዝግታው ነውና። በዮኮሱካ ሰፈር ሱቆች በሰዓታቸው ተከፍተው በሰዓታቸው ይዘጋሉ። ዲሴምበር ሲገባ የገና አባትን ልብስ የለበሰ ሰው መንገዱ ላይ ይታያል። የአየሩ ጠባይ እንኳ በዚያ ዓመት በከተማዋ ከተመዘገበው ጋር እንዲገጥም ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ቤቱን የሚያስተዳድሩት ኢኔ ሳን በየቀኑ 500 የን ያስቀምጡለታል፤ ርዮ በእሷ ለስላሳ ይገዛል፣ ትንንሽ መጫወቻ ይሰበስባል። ኋላም ወደብ ላይ ፎርክሊፍት ነጂ ሆኖ ተቀጥሮ ሣጥን ያመላልሳል። ከሁሉ የማልረሳው ግን አንዲት የድመት ግልገልን ነው። እናቷን የእነ ላን ዲ መኪና ገጭቶባታል፤ አንዲት የሰፈር ልጅ ትንከባከባታለች፣ ርዮም እየሄደ ያበላታል። ከበቀሉ ጋር ምንም አያገናኛትም። ግን አባቱን ያጣ ልጅ እናቷን ላጣች ድመት ሲያጎነብስ፣ ጌሙ ስለ ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ይገባችኋል።

ይህን ስናገር የወዳጄ ታናሽ ወንድም ከጎን ዘሎ ገባ። «እንግዲያው እንደ ጂቲኤ መቶ ሚሊዮኖች ይሰጡት!»

«የፈረስ ኮርቻ ለበሬ አይሆንም» አልኩት። «በሬውም የሚያርሰው መሬት አለው።»

ጂቲኤ 5 ከ200 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጧል፤ ያ ገበያ ያን ወጪ ይሸከማል። የሼንሙ ወዳጆች ቁጥራችን ትንሽ ነው። ለጥቂት ሰው ትልቅ ገንዘብ ያወጣ ባለሀብት ጥቂቱን ብዙ ለማድረግ መጣደፉ አይቀርም። ሲጣደፍ መጀመሪያ የሚቆርጠው ምን ይመስላችኋል? ድመቷን ነዋ። መቶ ሚሊዮን ያፈሰሰ ሰው ግልገል እስኪበላ አይታገሥም። ስለዚህ ትልቁን ገንዘብ የምፈራው ስለምወደው ነው።

«በትንሽ ገንዘብ ከተማ አይሠራም» አለ ትልቁ።

«አንድ ጊዜ የተሠራ ከተማስ?»

«ያኩዛ» የሚባለውን ጌም አስታወስኩት። ያኔ የሴጋ ሰው የነበረው ቶሺሂሮ ናጎሺ፣ ሼንሙ ላይም እጁ ያለበት ሰው፣ በ2005 ካሙሮቾ የተባለ አንድ ሰፈር ይዞ መጣ፤ የቶኪዮን ካቡኪቾ አስመስሎ የሠራው ነው። ሰፈሩን አፍርሶ አዲስ አገር አልገነባም። በቀጣዮቹ ክፍሎች እዚያው ሰፈር ተመላለሰ፤ እየጠጋገነ፣ ሱቅ እየቀየረ፣ አዲስ ታሪክ እየጨመረ። ከጃፓን ውጭ ለዓመታት የጥቂቶች ጌም ነበር። ከዚያ «ያኩዛ ዜሮ» በ2017 ምዕራባውያን አገሮች ደረሰና በሩ ተከፈተለት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ሄደ ማለት ይሄ ነው። ሴጋ ትምህርቱን የወሰደው ከገዛ ቤቱ ስለሆነ፣ አላውቅም ማለት አይችልም።

«ወዳጆቹ ለምን ራሳቸው አይከፍሉም?»

«ከፍለዋል!» አልኩ፤ ድምፄም ከፍ አለ። በ2015 ኪክስታርተር በሚባለው የመዋጮ መንገድ 69,320 ሰዎች ከ6.3 ሚሊዮን ዶላር በላይ አዋጡ። የመጀመሪያው 2 ሚሊዮን የተሞላው ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል እንዲህ ነው።

«ታዲያ አንበሳው ታሰረ?»

አንገቴን ደፋሁ። አልታሰረም። በሦስተኛው ክፍል ማብቂያ ርዮ ከላን ዲ ጋር ፊት ለፊት ተገናኝቶ ተሸነፈ፣ ታሪኩም እንደገና ተንጠለጠለ። ሱዙኪ ጌሙ ከመውጣቱ በፊት ይህ ክፍል ታሪኩን 40 በመቶ ገደማ ላይ እንደሚያደርሰው ተናግሮ ነበር። እዚህ ላይ አልከላከልለትም። 18 ዓመት የጠበቀ፣ ከኪሱም ያወጣ ሰው ፍጻሜ እንጂ ሌላ ቀጠሮ አይገባውም ነበር። የቀረውን 60 በመቶ አጥፎ፣ ጨምቆ፣ በአንድ ክፍል መዝጋት ነበረበት። ዛሬም ያለበት ዕዳ ይሄው ነው።

«እንግዲህ ተረታህ» አለኝ።

«ገና ነኝ። በ2025 የእንግሊዙ የሽልማት ድርጅት ባፍታ ሕዝቡን ‹ከጌሞች ሁሉ ትልቁን ተጽዕኖ ያሳደረው የቱ ነው?› ብሎ ጠየቀ። አንደኛ የወጣው ሼንሙ ነው።»

«ድምፅ እንጀራ አይሆንም።»

«እኔም እንጀራ አልለመንኩም። የጀመሩልኝን ወሬ ይጨርሱልኝ ነው የምለው።»

እናም ፍርዴ ይህ ነው። 70 ሚሊዮኑ ይቅር፣ 47ቱም ይቅር። የተሠራው ከተማ አለ፣ የተሠራው ልጅ አለ፤ በቀን 500 የን ከተማ ያዳረሰ ልጅ በትንሽ ገንዘብ ቤቱ ይገባል። ሴጋዎች፣ ፈቃዱ በእጃችሁ ነው። አቶ ሱዙኪ፣ መጨረሻውን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። አንድ ክፍል፣ አጠር ያለ፣ የሚያልቅ። ርዮ ወደ ሆንግ ኮንግ በመርከብ ከሄደ ጀምሮ ኢኔ ሳን ዮኮሱካ ተቀምጠው ይጠብቁታል።