እንብላ የማያስብል ቁርስ

ኢነርጂ ባር እኛ ሰፈር ተፈልስፎ ቢሆን ኖሮ ገና ከምጣዱ ሳይወርድ ፈልሳፊውን እናቱ በተቆጣችው ነበር። ለአንድ ሰው ተለክቶ፣ በአንድ ላስቲክ ተጠቅልሎ፣ በሦስት ጉርሻ የሚያልቅ ምግብ! ጎረቤት ብቅ ቢል ምን ሊቀርብለት ነው?

ነገሩን በዓለም ገበያ ካስጠሩት ሰዎች አንዱ ግን ካናዳዊው የማራቶን ሯጭ ብሪያን ማክስዌል ነው። በ1983 (እ.ኤ.አ.) እንግሊዝ አገር ሲሮጥ ውድድሩ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ጉልበቱ ከዳው። ካሊፎርኒያ፣ በርክሊ ተመልሶ፣ ኋላ ሚስቱ ከሆነችው ከጄኒፈር ጋር ማድ ቤት ገብቶ ሲለውስ ሲጠፈጥፍ ከረመና በ1986 «ፓወርባር»ን ለገበያ አቀረበ። ኔስሌ በ2000 ኩባንያውን በ375 ሚሊዮን ዶላር ጠቀለለው። እየሮጠ የሚበላ ሰው ብቻውን ቢበላ አይፈረድበትም፤ ማንን አስቁሞ እንብላ ይበል?

እኛም ብንሆን ስንቅ አናውቅም አይባልም። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ፣ የኦሮሞ ዘማቾች ተቆልቶ የተፈጨ ቡና በቅቤ ለውሰው፣ የቢሊያርድ ኳስ አሳክለው አድቦልቡለው በቆዳ ከረጢት እንደሚይዙና አንዷ ለአንድ ሰው ቀኑን ሙሉ እንደምትበቃ ጽፏል። ልብ በሉ፦ ለየራስ መብላት የተፈቀደው ለዘመቻ ነው። ስንቅ የሚሆነው ጭኮ እንኳ እቤት ሲቀርብ በአንድ ሳህን ሆኖ በዙሪያው ማንኪያ ይደረደርበታል።

እኔ አልሮጥ፣ አልዘምት። የእኔ ዘመቻ የጠዋት ታክሲ ሰልፍ ነው። ቁርስ ሳልቀምስ እወጣለሁ፤ ሱፐርማርኬት የተደረደረው ባር ደግሞ ዋጋውን ሲያዩት ገና ሳይበሉት ጉልበት ይጨርሳል። ስለዚህ እቤት ልሥራው አልኩ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሁለት ኩባያ አጃ በደረቅ መጥበሻ ይታመሳል። አንድ ኩባያ ቴምር ፍሬው ወጥቶ ይደቃል። ትንሽ ሰሊጥና የተቆላ ኦቾሎኒ ይጨመራል። ግማሽ ኩባያ ማር ከኦቾሎኒ ቅቤ ጋር ለብ ብሎ ሁሉም በአንድ ላይ ይለወሳል። ምስጢሩ ያለው መጫኑ ላይ ነው፤ ትሪ ላይ በደንብ ካልተጠቀጠቀ ሲቆረጥ ተበታትኖ ቆሎ ይሆናል።

አክስቴ በሩን ተደግፈው ሲያዩኝ ቆዩ። ኦቾሎኒውን በጥፍሬ አንድ በአንድ ስልጥ ግን አላስቻላቸውም፤ ከእጄ ነጠቁኝ። ሰፌድ ላይ ገልብጠው በመዳፋቸው አሹት፣ ሁለት ጊዜ አንጓለው እፍ ቢሉት ቀይ ልጣጩ በሙሉ በረረ። ለሥራቸውም ደመወዛቸውን አላስቀሩም፤ አጃውን ቀመሱ፣ ማሩን ቀመሱ፣ ቴምሩን «ጣፋጭ መሆኑን ላረጋግጥ» እያሉ ደጋገሙት።

በማግስቱ ታክሲ ውስጥ የባሯን ላስቲክ ስፈታ ሲንኮሻኮሽ ረዳቱ ሳይቀር ዞረ። አጠገቤ የተቀመጡትን እናት «እንብላ» አልኳቸው። ወጉ «ብላ ልጄ፣ ጠግቤያለሁ» ማለት ነበር። እሳቸው ግን «ምንድን ነው?» አሉኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሳያስቀምሱ አይመለስም። ቆርሼ ሰጠሁ። ከኋላ የተቀመጠው ወጣት አንገቱን አሰገገ፤ ለእሱም ቆረስኩ። ለእኔ የታሰበችው 200 ገደማ ካሎሪ ለወንበር ሙሉ ሰው ተዳርሳ፣ መውረጃዬ ላይ የቀረኝ ላስቲኩ ነበር። «ሰሊጡ በዝቷል» የሚል አስተያየትም በነፃ ተጨምሮልኛል።

ታክሲ ውስጥ ያጣሁትን በጾም እክሳለሁ ብዬ ነበር፤ ባሩ ቅቤም ወተትም የለበትማ። ጾም ግን ቅቤውን ብቻ ሳይሆን ቁርሱንም ነው የሚከለክለው። ሰዓቱ ደርሶ ሲፈታ ደግሞ ሽሮ እየተንተከተከ ማን ባር ይፈልጋል?

ባለፈው እሑድ ታዲያ ቆርጬ ተነሣሁ። ባሩን እኩል እኩል ከፋፍዬ፣ እያንዳንዱን ለየብቻ ጠቅልዬ ሳስቀምጥ አክስቴ መጡ።

«አንዱ ለስንት ሰው ነው?» አሉኝ።

«ለአንድ ሰው።»

ጥቅሉን አገላብጠው አዩትና፣

«ሰውዬው ምን በድሎ ነው?» አሉ።