«ዘና በይ እንጂ!»

የሰፈራችን ባለሱቅ ስኳሩን በነጭ ፌስታል መዝኖ ይሰጣል፤ ሳሙናውን እንዲሁ በእጁ ያቀብላል። ሞዴስ የተጠየቀ ጊዜ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ግራ ቀኙን ይቃኛል፣ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ በጋዜጣ ይጠቀልላል፣ የተጠቀለለውን ጥቁር ፌስታል ውስጥ ይከታል፣ ፌስታሉን ደግሞ ጥብቅ አድርጎ ይቋጥራል። ከዚህ ሁሉ ጥንቃቄ በኋላ ልጅቷ አስፋልቱን ስትሻገር ምን እንደያዘች የማያውቅ ሰው የለም። በጋዜጣና በጥቁር ፌስታል ተደራርቦ የሚሸጥ ሌላ ዕቃ የለማ!

ሕመሙም እንደ ዕቃው ነው። ሁሉም ያውቀዋል፣ ስሙን የሚጠራው የለም፣ መድኃኒቱን ግን የማያዝ የለም። መሥሪያ ቤት ውስጥ «ጨጓራዬ ተነሣብኝ» ይባላል። ቀን ቆጥሮ በየወሩ የሚመጣ ጨጓራ! አለቃው አስተዋይ ከሆነ «ባለፈው ወርም በዚሁ ሰሞን አልነበር?» ብሎ አይጠይቅም፤ ፈቃዱን ፈርሞ አንገቱን ኮምፒውተሩ ላይ ይደፋል። ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ1947 ለዚሁ ሕመም የሚሆን ዕረፍት በሕግ ጽፈዋል፤ ስፔን በ2023 ተከትላለች። ዛምቢያም ለሠራተኛ ሴቶች በወር አንድ ቀን ትሰጣለች፤ የቀኑን ስም ግን «የእናቶች ቀን» ብላዋለች። እዚያም ጋዜጣ አልጠፋም ማለት ነው።

እህቴ ቤት ቅዳሜ ከሰዓት ቡና ተፈልቶ ጎረቤቱ ተሰብስቧል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነችው ልጇ ደግሞ ጓዳ ተጠቅልላ ታቃስታለች።

«ምን ሆና ነው?»

«እንዲሁ፣ ሆዷን።»

«እንዲሁ» የሚለውን ቃል የሰሙ ሴቶች ሁሉ ገባቸው፤ ጉባኤው ወዲያው ተከፈተ። አንዷ ሲሚንቶ ላይ ተቀምጣ ብርድ ገብቷት ነው አለች። ሁለተኛዋ አብሽ ይዘፍዘፍላት አለች። ሦስተኛዋ ከስኒዋ ላይ ጤና አዳሙን አንሥታ «ይቺን ታኝካት» ብላ ዘረጋች። ልጅቷ ቀዝቃዛ ነገር እንዳትነካ፣ ገላዋን እንዳትታጠብ፣ ከአልጋዋ እንዳትንቀሳቀስ በአንድ ድምፅ ተወሰነ። ዝም ብለው የቆዩት ትልቋ እትዬ ግን ፉት ያሉትን ቡና ከዋጡ በኋላ ነገሩን ዘጉት፦ «ምን አስጨነቃችሁ፤ ስትወልድ ይተዋታል።»

ልጅቷ ሰኞ ሚድ አለባት።

የሚገርመው፣ እትዬ የተናገሩት ሐሰት አይደለም። ከወለዱ በኋላ ሕመሙ የቀለለላቸው ብዙ ሴቶች አሉ። ቢሆንም ለሁለት ቀን ቁርጠት የዘጠኝ ወር እርግዝና፣ በላዩ ላይ የሃያ ዓመት ማሳደግ የሚታዘዝበት ሕክምና የትም አላየሁም። ባል ከየት እንደሚታዘዝም እትዬ አልነገሩንም።

ከዚያ ሁሉ ምክር መካከል ልክ የነበረው፣ እህቴ ማንንም ሳታማክር ያደረገችው ነው። ውሃ አፍልታ ሃይላንድ ላይ ገለበጠችው። ላስቲኩ የፈላ ውሃ አይችልምና ከልጅቷ ብሶ እሱ ተኮማትሮ ተጣጠፈ። በሁለተኛው ውሃውን በረድ አድርጋ፣ በነጠላ ጠቅልላ እምብርቷ ሥር አስገባችላት። እዚህ ላይ እናቶቻችንና ተመራማሪዎቹ አይጣሉም። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ ጥናት 39 ዲግሪ ገደማ የሚሞቅ ነገር ሆድ ላይ ማሰር ከአይቡፕሮፌን ክኒን ጋር የሚመጣጠን እፎይታ እንደሚሰጥ አሳይቷል። 39 ዲግሪ ከሰውነት ሙቀት ብዙም አይርቅም፤ ቆዳ መላጥ የሕክምናው አካል አይደለም።

ሲሚንቶው ግን ንጹሕ ነው። ማህፀን የውስጥ ሽፋኑን ሊያራግፍ ሲል ፕሮስታግላንዲን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ይመነጫሉ። እነሱ የማህፀኑን ጡንቻ ጨምድደው ይይዙታል፤ ሲጨመደድ ደም ያንሰዋል፤ ደም ያነሰው ጡንቻ ደግሞ ያማል። አይቡፕሮፌን የፕሮስታግላንዲንን መመረት ስለሚቀንስ፣ ቁርጠቱ ገና ሲጀማምር እህል ተቀምሶ ቢወሰድ ይሻላል። ልጆቻችን ግን «ይለምድብኛል»፣ «መካን ያደርጋል» እየተባባሉ እንባቸው እስኪመጣ ይታገሡና፣ ከረፈደ በኋላ ከጓደኛ ቦርሳ የወጣ ስሙ የማይታወቅ ፍሬ ይውጣሉ። (ጨጓራ ያለባት፣ የመሥሪያ ቤቱን ዓይነት ሳይሆን የእውነቱን፣ ሐኪም ሳታማክር አትንካው።)

ስፖርትስ? የእህቴን ልጅ ስለ ስፖርት አታውቅም ብሎ የሚያማት ሰው ይዋሻል። ለፔሬድ ሕመም ይሆናል የተባለ እንቅስቃሴ ቲክቶክ ላይ ካለ አይታዋለች፤ ተኝታ። ብርድ ልብሷን እስከ አፍንጫዋ ስባ፣ ታይት የለበሰች ሴት ጉልበቶቿን ወደ ደረቷ ስትሰበስብ፣ ቀጥላ በእጅና በጉልበቷ ቆማ ጀርባዋን ስታጎብጥና ስታሰረጉድ ትመለከታለች። ላይክ ታደርጋለች። ለጓደኞቿ ትልካለች። እነሱም በየዶርማቸው ተኝተው የልብ ምልክት ይመልሱላታል። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞራ ማቃሰቷን ትቀጥላለች።

የሕክምና ማስረጃዎችን በመመዘን የሚታወቀው ኮክሬን የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ይህንኑ ጉዳይ መርምሮ ነበር። 854 ሴቶች የተካፈሉባቸውን 12 ጥናቶች ሰበሰበ። በሳምንት ሦስት ቀን ያህል፣ በየጊዜው ከ45 እስከ 60 ደቂቃ የሠሩት ሴቶች፣ ምንም ካልሠሩት ጋር ሲነጻጸሩ፣ ሕመማቸው ከመቶ በሚለካ ሚዛን 25 ነጥብ ገደማ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ማስረጃው ጠንካራ እንዳልሆነ መርማሪዎቹ ራሳቸው ጽፈዋል። ደስ የሚለው ግን ላብ የሚያስጠምቀውም ሆነ እንደ ዮጋ ያለው ዝግ ያለ እንቅስቃሴ የሚጠቅም መምሰሉ ነው። ደስ የማይለው «በሳምንት ሦስት ቀን» የሚለው ነው፤ ምንም በማያምበት ሳምንት ጭምር ማለት ነዋ! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ የኛ ውሻ ደግሞ ጅቡ ሲነክሰው ይጮህና ጅቡ ዘወር ሲል ይተኛል።

ጂም የሚመዘገቡም አሉ። የሦስት ወር ይከፍላሉ፣ ታይትና ስኒከር ይገዛሉ፣ መስታወት ፊት ቆመው ፎቶ ይነሣሉ። ፎቶው ከኢንስታግራም ወደ ቴሌግራም፣ ከቴሌግራም ወደ ቲክቶክ ሲመላለስ ይሰነብታል፤ ከጂሙ አባላት ሁሉ እንደሱ የተንቀሳቀሰ የለም።

በእግር መሄድ በነጻ ነው፤ ለወጣት ሴት ግን ግብር አለው። ሳትላክ፣ ፈጠን ፈጠን ብላ፣ ወዴትም ሳይሆን ስትሄድ የታየች ልጅ መልስ መስጠት አለባት። ጀበናዋ ፊት የተቀመጠችው «ምን ሆነሽ ነው?» ትላታለች፤ የጥበቃው አባት «ወዴት ነው ልጄ?» ይላሉ። «ወክ ነው» ካለች «ከማን ጋር?» ይመጣል። ብልጦቹ መላ አግኝተዋል፦ ባዶ ፌስታል አንጠልጥለው ይወጣሉ። ፌስታል የያዘች ሴት የተላከች ናት፤ አርባ አምስት ደቂቃ ብትዞር የሚጠይቃት የለም። ጥቁር እንዳይሆን ብቻ።

«የገጠር ሴት እኮ ይሄ ሁሉ የለባትም፤ ጄሪካን ተሸክማ ዳገት ስለምትወጣ ነው» የሚሉ ወንዶችም ሞልተዋል። አንዳቸውም ጠይቀዋት አያውቁም። ብትጠየቅስ ጄሪካኑን ማን ይይዝላታል?

ትምህርት ቤት ውስጥ ደግሞ ኤችፒኢ ባለ ቁጥር ዛፍ ጥላ ሥር የሚቀመጡ ልጃገረዶች አሉ። መምህሩ «ለምን?» ካለ መልሱን ሊሰማ ነው፤ ስለዚህ አይልም። ይህን የደረሱበት ልጆች በወር አራት ጊዜ ያማቸዋል፤ እሱም መቁጠሩ ነውር ስለሚመስለው አይቆጥርም። እንዲህ ተከባብረው ዓመቱ ያልቃል።

ከሁሉም የሚያስቀኝ ግን «ዘና በይ» የሚለው ትእዛዝ ነው። ትእዛዝ ነው ያልኩት ሲነገር ስለሰማሁት ነው፦ «ዘና በይ እንጂ! ምን ያጨማድድሻል!» እንዲህ ተጮኾባት ዘና ያለች ልጅ እስካሁን አላጋጠመችኝም።

ዘና ማለት የራሱ ሙያ አለው። ኤድመንድ ጃኮብሰን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1929 ስለዚሁ መጽሐፍ አሳትሟል። ዘዴው ጡንቻን በተራ በተራ ማጥበቅና መልቀቅ ነው። ጋደም ብለሽ የእግር ጣቶችሽን ለጥቂት ሰከንድ ጭብጥ ታደርጊያለሽ፤ ከዚያ በአንዴ ትለቂያለሽ፤ የጥብቀቱንና የልቅቀቱን ልዩነት ረጋ ብለሽ ታዳምጫለሽ። ወደ ባትሽ፣ ወደ ጭንሽ፣ ወደ ሆድሽ፣ ወደ ትከሻሽ፣ ወደ መንጋጋሽ እየወጣሽ ትቀጥያለሽ። ትንፋሹ ደረት ላይ ሳይቀር ሆድን ከፍ ዝቅ እያደረገ፣ ከአገባቡ ይልቅ አወጣጡ ዘግየት ይላል። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ዕቃ አንድ የተዘጋ በር ነው።

በር ደግሞ በኛ ቤት ለመግባት እንጂ ለመዝጋት አልተሠራም። ልጅቷ የእግር ጣቷን ጨርሳ ባቷ ላይ ስትደርስ እናቷ «ተሻለሽ?» ብላ ትገባለች። እንደገና ከጣቷ ጀምራ ጭኗ ላይ ስትደርስ ወንድሟ ቻርጀር ፍለጋ ይገባል። ሳሎን የቃና ድራማ ባልና ሚስት እየተካሰሱ ነው፤ ከጎረቤት ስፒከር የሠርግ ዘፈን ይመጣል። ሆድ ላይ ሳትደርስ እትዬ ብቅ ብለው «አሁንም አልተወሽም?» ይሏታል። ጃኮብሰን እትዬን አያውቃቸውም።

መፍትሔው ሳይታሰብ መጣ። ልጅቷ ከቲክቶክ ያየችውን፣ ተንበርክኮ ተረከዝ ላይ ቁጭ ብሎ ግንባርን መሬት የሚያስነካውን ዮጋ ምንጣፍ ላይ ስትሠራ እናቷ በሩን ከፈተች። አየቻት። ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ፣ በሩን ድምፅ ሳታሰማ መልሳ ዘጋችውና ወደ ሳሎን ተመለሰች። «ዝም በሉ፤ ቴሌቪዥኑን ቀንሱት፤ ጸሎት ላይ ናት።» ቤቱ ጸጥ አለ። ልጅቷ ግማሽ ሰዓት ሙሉ የሚነካት አጣች፤ የጃኮብሰንን መጽሐፍ ከጣት እስከ መንጋጋ ጨረሰችው። አሁን ሰፈር ውስጥ የምትመሰገነው በመንፈሳዊነቷ ነው፤ ማስተባበልም አልፈለገችም።

ቆይቶ ግን ሕመሙ ከለመደው ቀን ማለፍ ጀመረ፤ ክኒኑም አላስታግስ አለ። «ሁሉም ሴት ያማታል» የሚለው አባባል እዚህ ላይ ጨዋታ መሆኑ ይቀራል። እየባሰ የሚሄድ፣ የወር አበባው ከሄደ በኋላም የማይለቅ፣ ብዙ ደም የሚያፈስስ ወይም ከትምህርትና ከሥራ የሚያስቀር ሕመም መታየት አለበት። ኢንዶሜትሪዮሲስ የሚባለውና የማህፀን ሽፋንን የመሰለ ሕዋስ ከማህፀን ውጭ የሚበቅልበት በሽታ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች 10 በመቶ ያህሉ ላይ አለ።

አንድ ክሊኒክ ሦስታችን ሄድን። ሐኪሟ ልጅቷን ትጠይቃለች፤ እህቴ ትመልሳለች። መቼ እንደጀመራት፣ ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ የት ድረስ እንደሚወጋት፣ ሁሉንም እህቴ ታውቀዋለች። ለአልትራሳውንድ እንኳ ልጅቷ ብቻዋን ስትገባ ቅር ብሏት ነበር። ሐኪሟ ውጤቱን አይታ ለጊዜው የሚያሰጋ ነገር እንዳልታያት፣ ሦስት ወር ተከታትለው ካልቀለለ ለስፔሻሊስት እንደምትልካት ተናገረች። የክኒኑን ሰዓት አስተካከለች። ሙቀቱን ቀጥይ አለቻት፣ የትንፋሹንም ልምምድ፤ በሳምንት ሦስት ቀን ደግሞ አርባ አምስት ደቂቃ በእግር።

እህቴ ተጨማሪ ነገር እስኪመጣ ጠበቀች። አልመጣም።

«እሺ ዶክተር፤ መርፌስ የለውም?»

«የለውም እናቴ።»

«ግሉኮስ ነገር?»

«አያስፈልጋትም።»

እህቴ አመስግና፣ ቦርሳዋን አንሥታ፣ በሩን በትሕትና ዘግታ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ስንደርስ እጄን ያዝ አድርጋ፣ ልጅቷ እንዳትሰማ በጆሮዬ፣ «ሌላ ክሊኒክ እንሂድ፤ ይቺ ገና ተማሪ ናት መሰለኝ» አለችኝ።