ለሐይቅ ጀርባ ስለመስጠት፦ መጠነኛ ጥናት

ስለ ሐይቆች ስፋት፣ ጥልቀትና ዓሣ ብዙ ተጽፏል። ሐይቅ አይቶ የተመለሰው ሰው ግን ምን ይዞ እንደመጣ የመረመረ ጽሑፍ ይህ አጥኚ አላጋጠመውም። ክፍተቱን ለመሙላት በተካሄደው በዚህ ጥናት ናሙናው ሁለት ሰው ነው፤ አጥኚውና የአክስቱ ልጅ። ናሙናው አነሰ የሚል ቢኖር፣ የአውሮፕላን ቲኬቱን የቆረጠልን አካል አልነበረም።

የጥናቱ ቦታ በምሥራቅ ቻይና፣ በሃንግዡ ከተማ ያለው ሺ ሁ፣ በእኛ አፍ የምዕራብ ሐይቅ ነው። ቦታው በምን ዘዴ ተመረጠ ለሚለው፦ የአክስት ልጅ ኢዉ ከተማ የፀጉር ማስያዣ ሊጭን ሄደ፤ አጥኚው «ዓይንህ ይከፈታል» ተብሎ ተከተለ፤ ዕቃው ከነገ ወዲያ ይደርሳል ተባለ፤ አንድ ቀን ተረፈ። ከኢዉ ሃንግዡ በፈጣኑ ባቡር ከአንድ ሰዓት ያነሰ መንገድ ነው።

ሐይቁ 6.5 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ አማካይ ጥልቀቱ ከ2 ሜትር እምብዛም አያልፍም። ዩኔስኮ በ2011 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ጣና ውስጥ ከ400 በላይ እንዲህ ያሉ ሐይቆች ይገባሉ። አጥኚው ጣናን አላየም። ይህ ከጥናቱ ጋር ግንኙነት የለውም።

ዋናው መረጃ የተሰበሰበው ከአጥኚው ስልክ ነው። በዕለቱ የተነሳው ፎቶ 112 ሲሆን፣ በ97ቱ ውስጥ ሰው ቆሟል፤ ሐይቁ በሰውየው ጆሮና በፎቶው ጠርዝ መካከል በተረፈው ቦታ ይታያል። ዘጠኙ የጣት ናቸው። አራቱ የመግቢያ ቲኬት ናቸው። ሁለቱ የሐይቁ ናቸው፤ እነሱም ሰውየው ጫማውን ሊያስር ጎንበስ ባለበት የተነሱ ናቸው። በአገራችን ለታላቅ ሰው ጀርባ መስጠት ነውር ነው። ከ8,000 ኪሎ ሜትር በላይ በርሮ ሄዶ፣ «ደረስኩ» ብሎ ወዲያው ጀርባውን የሚያዞርበት ባለቤት ግን ሐይቅ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ወደ ስሞቹ ስንመጣ፣ «የተሰበረው ድልድይ» የሚባል አለ። ድልድዩ ደህና ነው። አንዱ ማብራሪያ፣ በብርዱ ወራት በረዶ ሲጥል ፀሐይ የሚያገኘው ጎኑ ቀድሞ ስለሚቀልጥ ከሩቅ የተቆረጠ ይመስላል የሚል ነው። የሄድነው በሐምሌ ነበር፤ ሙቀቱ ሸሚዝ ከገላ ጋር ያጣብቃል፣ የሎተስ አበባው ፈክቷል፣ በረዶ በአይስክሬም መልክ ብቻ ነበር። የአክስት ልጅ «የተሰበረው የቱ ጋ ነው?» እያለ ድልድዩን ሁለት ጊዜ ተመላለሰበት። እስከ ዛሬ የተደበቀ ነገር እንዳለ ያምናል።

ከሁሉ ጊዜ የወሰዱት ውሃው ላይ የቆሙት ሦስት ትንንሽ የድንጋይ ማማዎች ናቸው። ነገሩ ወደ ሱ ዶንግፖ ይወስደናል፤ ባለቅኔም የከተማዋ አስተዳዳሪም ነበር። በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሐይቁ በደለልና በአረም ሊደፈን ሲል አስጠረገው፤ የወጣውን ጭቃ ደግሞ ውሃውን ሰንጥቆ የሚያልፍ 3 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ አደረገው፤ ዛሬም በስሙ ይጠራል። ገበሬው የውሃ ተክል እየተከለ ሐይቁን መልሶ እንዳይደፍነው «ከዚህ ወዲህ መትከል ክልክል ነው» የሚል ምልክት በድንጋይ አቆመ ይባላል። የዛሬዎቹ ማማዎች የእነዚያ ተተኪዎች ናቸው። እንግዲህ ሕዝብ በጀልባ ተሰልፎ የሚያደንቀው መነሻው የክልከላ ሰሌዳ ነው። ስለ እምቦጭ ማንሳት ከጥናቱ ወሰን ውጭ ነው።

ማማዎቹ በባለ 1 ዩዋን ኖት ላይ ታትመዋል። ጎብኚው ኖቱን በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ ላይ ያነሳል፤ የወረቀቱን ሐይቅ ከውሃው ሐይቅ ጋር ያስተያያል፤ ፎቶ ያነሳል። አጥኚው ሳምንቱን ሙሉ ይህንን ሐይቅ ለአውቶቡስና ለታሸገ ውሃ ሲከፍል መክረሙን ያወቀው እዚያ ነው። ኪሱን በርብሮ የቀረች አንድ አገኘ። በፎቶው ላይ ኖቷ ጥርት ብላ ወጥታለች፤ ሐይቁ ደብዝዟል።

ደቡብ ዳርቻው ላይ ሌይፌንግ የሚባለው ማማ አለ። በአፈ ታሪኩ ሰው ሆና ያገባች ነጭ እባብ ከሥሩ ታስራለች። ጡቡ ከበሽታና ከክፉ ይጠብቃል ብለው ሰዎች አንድ አንድ ሲወስዱለት ኖረው፣ በ1924 እ.ኤ.አ. ተደረመሰ። ዛሬ ያለው በ2002 እ.ኤ.አ. የተሠራ ሲሆን፣ ወደ አፈ ታሪኩ የሚወጣው በኤስካሌተር ነው። የአክስት ልጅ ቆሞ እየወጣ «ልክ የቦሌ ሕንፃ» አለ። ፎቶ ብቻ የሚወስደው የዘመናችን ጎብኚ ቢያንስ ሕንፃ አያፈርስም።

ምሳ የአካባቢው ስመ ጥር ምግብ፣ በሆምጣጤ መረቅ የተሠራ ዓሣ ነበር። ዕለቱ ረቡዕ ነው። ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለው ክርክር ከአዲስ አበባ ሃንግዡ ድረስ ተከትሎን መጥቶ፣ ዓሣው እስኪቀዘቅዝ አላለቀም። የአክስት ልጅ ሩዝ በላ። አሁን ሲተርክ ግን «እንደዚያ ያለ ዓሣ በልቼ አላውቅም» ይላል። አረፍተ ነገሩ በጥብቅ ሲመረመር እውነት ሆኖ ተገኝቷል።

የመጨረሻው መረጃ የተሰበሰበው አክስት ቤት ነው። አክስት መነጽራቸውን አድርገው፣ ቡናው ሁለተኛ እስኪደርስ 112ቱን ፎቶ አንድም ሳያልፉ አዩ። «ከስታችኋል» አሉ። ስለ ሐይቁ የተሰጠ አስተያየት ይህ ብቻ ነው።

ያቺ ባለ 1 ዩዋን ኖት አጥኚው ቦርሳ ውስጥ አለች። ከፊቷ ማኦ አለ፤ ሐይቁ ያለው ከጀርባዋ ነው።