አባ ጂቲ፦ ስለ አዲስ ስፖርት መኪና የመጀመሪያ ስሜት የቀረበ መጠነኛ ጥናት

አንድ ሰው ስለ አዲሱ መኪናው የሚሰማው የመጀመሪያ ስሜት የሚጀምረው መኪናውን ከመንዳቱ በፊት ነው። የዚህ ጥናት መላምት ይኸው ነው፤ መላምቱን የሚያፈርስ ማስረጃ ፍለጋም ብዙ አልደከምንም። የጥናቱ ቦታ ሰሜን ቨርጂኒያ ነው፤ ከአሌክሳንድሪያ እስከ ፎልስ ቸርች ያለው፣ ሐበሻ ቡና የሚጠጣበት፣ ማኅበር የሚጠጣበትና መኪና ማቆሚያ የሚፈልግበት አካባቢ። ተጠኚው አንድ ነው። አንድ ሰው ለጥናት አይበቃም የሚል አንባቢ ይኖራል። ተጠኚያችን ግን ስለ መኪናው የሚያወራው የሦስት ሰው ስለሆነ የናሙናውን ጉዳይ እንደተዘጋ ቆጥረነዋል።

ተጠኚው ለዓመታት ሲነዳ የኖረው የ2015ቱን ፎርድ ሙስታንግ ኢኮቡስት ነው፤ ባለ 4 ሲሊንደር፣ 2.3 ሊትር፣ ባለ ተርቦ፣ 310 የፈረስ ጉልበት። አሁን የገዛው የ2024ቱን ሙስታንግ ጂቲ ነው፤ ባለ 8 ሲሊንደር፣ 5 ሊትር፣ ድምፁ ከሚስተካከለው ማርሚታ ጋር 486 የፈረስ ጉልበት። ልዩነቱ 176 ፈረስ ነው። ይህን ያህል ፈረስ በአንድ ጀምበር እጁ የገባ ሰው ድሮ ቢሆን ደጃዝማች ይባል ነበር፤ ዛሬ የሚሰጠው የ72 ወር ብድር ነው።

መረጃው የተሰበሰበው ተጠኚውን ስለ ሌላ ጉዳይ በመጠየቅ ነው፤ ስለ መኪናው መጠየቅ አላስፈለገም። ስለ ኑሮ ውድነት ብንጠይቀው ፕሪሚየም ቤንዚን በጋሎን ስንት እንደገባ ነገረን። ስለ ጤናው ብንጠይቀው የጂቲ መቀመጫ ለወገብ እንደሚስማማ አስረዳን። ስለ አገር ሁኔታ ስንጠይቀው ለአፍታ ዝም አለ፤ ተስፋ አድርገን ነበር። ከዚያ "እዚያ አገር ይሄን መኪና የሚሸከም አስፋልት የት አለ?" አለ።

የመጀመሪያው ግኝት አዲሱን መኪና ጨርሶ አይመለከትም። ተጠኚው ቁልፍ በተረከበበት ዕለት ማታ ስለ ጂቲው አንድ ቃል ሳይተነፍስ አሮጌውን ማማት ጀመረ። "ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ" አለ፣ "ያ እኮ የልብስ ስፌት መኪና ነው።" ይህን የተናገረው ያው ሰው ነው፤ እስከ ባለፈው ሳምንት ድረስ ባለ 8 ሲሊንደር ማለት ነዳጅ ሜዳ ላይ መድፋት ነው፣ ዋናው ተርቦ ነው እያለ ጠረጴዛ ሲደበድብ የነበረው። ሐሳቡን መቼ እንደቀየረ ብንጠይቀው አልቀየርኩም አለ፤ ድሮም እንዲሁ ያስብ ነበር። እንግዲህ የአዲስ መኪና ጉልበት ወደ ፊት ብቻ የሚሠራ አይደለም፤ ያለፉትን ዓመታትም ወደ ኋላ ተመልሶ ያርማል።

ሐሜቱ ሙሉ በሙሉ ሐሰት ነው ማለት ግን አንችልም። የ2015ቱ ኢኮቡስት የሞተሩን ድምፅ በቴፑ ስፒከር እያጎላ ወደ ውስጥ የሚያሰማ መኪና ነው። ፎርድ ብቻውን አይደለም፤ ቢኤምደብሊውም ኤም 5 ላይ ይህንኑ አድርጓል። ስለዚህ ተጠኚያችን ለዓመታት መስኮት ዘግቶ ሲኮራበት የኖረው ጉርምርምታ ከኮፈኑ ሥር ብቻ የሚመጣ አልነበረም፤ ጥላሁን ገሠሠ ከሚወጣበት ስፒከርም ይወጣ ነበር። ውጭ የቆመ ሰው የሚሰማው ሌላ ነገር ነው። ይህንን ለተጠኚው ስንነግረው ፊቱ ላይ ያየነውን ለመመዝገብ ሙያዊ ሥነ ምግባር አልፈቀደልንም።

የሙስታንግ ታሪክም ቢሆን ለመላምታችን ያደላል። መኪናው ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 17 ቀን 1964 በኒው ዮርክ የዓለም ትርኢት ላይ ነው፤ መነሻ ዋጋው 2,368 ዶላር ነበር። ከላይ ረጅም ኮፈንና አጭር ኋላ ያለው ጎረምሳ ይመስላል፤ ከሥር ግን አብዛኛው አካሉ ከፎርድ ፋልከን የመጣ ነው። ፋልከን ማለት ደግሞ የሒሳብ ሠራተኛ ሚስቱን ገበያ የሚያደርስባት ረጋ ያለች የቤት መኪና ናት። በአንድ ዓመት ውስጥ ከ400,000 በላይ ተሸጠ። ገዢው የከፈለው ለፋልከኗ አይደለም፤ ጎረቤት በመስኮት መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ ለሚያይበት ቅጽበት ነው። ያ ቅጽበት ዛሬም ይሸጣል፤ ዋጋው ብቻ ጨምሯል።

ሁለተኛው ግኝት ፍጥነትን ይመለከታል። ፍጥነት የለም።

ይህን ማብራራት ሳይሻል አይቀርም። በቨርጂኒያ ሕግ ከ85 ማይል በሰዓት በላይ የነዳ፣ ወይም ከተፈቀደው ፍጥነት 20 ማይልና ከዚያ በላይ ያለፈ ሰው የትራፊክ ቅጣት ከፍሎ የሚሄድ አይደለም፤ ወንጀለኛ ነው። እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር መቀጮ ያስፈርዳል። ራዳር የሚጠቁም መሣሪያ መኪና ላይ መግጠምም ክልክል ነው፤ ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ ይህን የከለከለችው ቨርጂኒያ ብቻ ናት። ተጠኚው ጠዋት ጠዋት የሚሄድበት 395 አውራ ጎዳና ላይ የተፈቀደው 55 ማይል ነው፤ ያውም የሚፈቅደው ሕጉ እንጂ መንገዱ አይደለም። ጂቲው ከቆመበት ተነስቶ 60 ማይል ለመድረስ 4 ሰከንድ ከምናምን ይበቃዋል። ሲሰላ፣ ተጠኚው ሥራ ሲሄድ አንዴ፣ ሲመለስ አንዴ፣ ከመግቢያው ራምፕ ላይ ለ4 ሰከንድ ያህል ስፖርት መኪና አለው። የቀረውን ጊዜ የሚያሳልፈው የቧንቧ ሠራተኛ ቫን ጀርባ ላይ የተጻፈ ስልክ ቁጥር በማንበብ ነው።

በመስክ ምልከታችን ወቅት የሆነውን እንጨምር። ከሴሚናሪ ሮድ መግቢያ ጀምሮ አንድ የአገር ልጅ የኡበር ካምሪውን ይዞ በቀኝ በኩል አጠገባችን ነበር። ተጠኚው ነዳጅ ረገጠ፤ መኪናው ጮኸ፤ ከፊት ያለው ሰው ፍሬን ያዘ፤ ካምሪው ደረሰ። ይህ እስከ ፔንታጎን ድረስ ተደጋገመ። በመጨረሻ የካምሪው ሹፌር መስኮቱን ዝቅ አድርጎ "ወንድሜ፣ እንኳን ደስ ያለህ፣ ቆንጆ መኪና ነው!" አለ። ከልቡ ነበር። ተጠኚው ግን ቀኑን ሙሉ አኩርፎ ዋለ።

ፍጥነት ከሌለ የቀረው ድምፅ ነው፤ እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚሰፋው። የ2024ቱ ሙስታንግ ባለቤቱ ሩቅ ሆኖ በቁልፉ ብቻ ሞተሩን እንዲያስጮህ የሚያደርግ ነገር አለው። መኪናው አይንቀሳቀስም፤ ባለቤቱም ውስጡ አይደለም፤ ግን ይጮሃል። በሌላ በኩል ይኸው መኪና ማርሚታውን ዝም የሚያሰኝ ምርጫም አለው። ይህኛው "ጥሩ ጎረቤት" ተብሎ በ2018ቱ ጂቲ ላይ የገባ ሲሆን፣ ምክንያቱም አንድ የፎርድ ከፍተኛ መሐንዲስ ደጃፉ ላይ ሙስታንግ ሲያስጮህ ጎረቤቱ ፖሊስ ስለጠራበት ነው። ሁለቱንም በአንድ መኪና ላይ የገጠመ ፋብሪካ ደንበኛውን አብጠርጥሮ ያውቀዋል። ተጠኚው "ጥሩ ጎረቤት" የሚለውን እስካሁን አልነካውም።

እሑድ ቅዳሴ እንደወጣ ተጠኚው ከቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ከሽማግሌዎች ጋር ቆሞ ይሳለማል። አንድ እጁ ኪሱ ውስጥ ነው። መኪናው ከግቢው ማዶ፣ ማንም አጠገቡ በሌለበት፣ በድንገት አጓራ። ነጠላቸውን አጣፍተው በዚያ በኩል ያልፉ የነበሩ አንዲት እናት "በስመ አብ!" ብለው ዣንጥላቸውን እንደ ጋሻ ወደ ኮፈኑ መከቱ። ልጆች እየሮጡ መጡ። ሽማግሌዎቹ ዞር አሉ፤ ከሁሉም በላይ የደነገጠው ግን ተጠኚው ራሱ ነበር። "ኧረ የማን ነው እባካችሁ?" ብሎ ጠየቀ። መልሱን ለመስማት ሁላችንም አብረን ጠበቅን።

የወላጅ ምልከታ ለብቻው መታየት አለበት። የተጠኚው እናት ከአዲስ አበባ ለጥየቃ መጥተው ስለነበር ወደ ገበያ ይዟቸው ሲወጣ በቦታው ነበርን። በሩን ከፈተላቸው። እሳቸው ወደ ውስጥ አዩ።

"መቀመጫው የታለ ልጄ?"

"ይኸውልሽ እማዬ፣ ትንሽ ዝቅ በይ።"

"ዝቅ አልኩ እኮ፤ ከዚህ በታች መሬት ነው።"

ገቡ። ዋጋውን ጠየቁ፤ ነገራቸው። በልባቸው ወደ ብር እየመነዘሩ እስከ አርሊንግተን አንድ ቃል አልተነፈሱም። እዚያ ሲደርሱ ዞር ብለው የኋላውን ወንበር አዩ፤ የሙስታንግን የኋላ ወንበር ያየ ሰው ያውቀዋል፣ ቦርሳ በጎኑ ከተኛ ይበቃዋል።

"እዚህ ደግሞ ማን ይቀመጣል?"

"ልጅ ከሆነ ይቀመጣል እማዬ።"

"ታዲያ ልጁስ የታለ?"

ይህ ጥያቄ ከጥናቱ ወሰን ውጭ ስለሆነ አልተከታተልነውም።

ዜናው አዲስ አበባ የደረሰው "ቪኤይት ገዛ" ተብሎ ነው። እንደሚታወቀው እዚያ ቪኤይት ማለት ባለሥልጣን የሚሄድበት ላንድክሩዘር ነው፤ ዘመድ አዝማድ የሚያሳፍር፣ በሩ ሲዘጋ ግርማ ያለው። አጎቱ ደውለው መርቀው መርቀው ሲጨርሱ፣ ለክረምቱ ሲመጣ እግረ መንገዱን ቢያመጣው እንደማይጠሉ ጠቆም አደረጉ። ፎቶ ተላከላቸው። ለረጅም ጊዜ መልስ አልመጣም። ከዚያ "ሁለት በር ብቻ ነው እንዴ? የቀሩትን መቼ ነው የሚገጥሙልህ?" የሚል መልእክት ደረሰ።

መኪና ሲገዛ ማስመረቅ ግዴታ ነው። ጓደኞቹ አሌክሳንድሪያ አንድ ሥጋ ቤት ተሰብስበው ቁርጥ በልተው "በሰላም የምትነዳው ያድርግልህ፣ ከክፉ አደጋ ይሰውርህ" ብለው መረቁት። ሒሳቡን የከፈለው ተመራቂው መኪና ሳይሆን ባለቤቱ ነው። ምርቃቱን ተቀብሎ አሜን ካለ በኋላ፣ ሁሉንም ወደ መኪና ማቆሚያው አውጥቶ ያሳያቸው የመጀመሪያው ነገር የእጅ ፍሬኑን ነው። ይህ ፍሬን እንደ ድሮው ብረት መጎተቻ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ኤሌክትሮኒክ ነው፤ ሥራውም የኋላ ጎማዎችን አስሮ መኪናውን በጎኑ ማንሸራተት ነው። ፎርድ ራሱ ለመወዳደሪያ ሜዳ እንጂ ለጎዳና አይደለም ይላል። ወደ ፊት መሮጥ በሚያሳስርበት አገር ወደ ጎን መሮጥን ማን እንዳሰበው እንጃ። ከመራቂዎቹ ሁለቱ ምርቃቱን ደገሙት።

ስያሜውም የወጣው በዚያው ምሽት ነው። የአገራችን ጀግኖች በፈረሳቸው ስም ይጠሩ እንደነበር አይዘነጋም፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ ነበሩ። በዚሁ ወግ መሠረት ተጠኚው ከዚያች ማታ ጀምሮ አባ ጂቲ ተብሏል። የቀደሙት በአንድ አንድ ፈረስ ብቻ እንደተጠሩ፣ እሱ ግን በ486 እንደተጠራ በዚያው ሰዓት አስታውሶናል። አንዱ ጓደኛው አባ ነፍሶ አድዋ እንደዘመቱ ጠቅሶ አባ ጂቲ በሚቀጥለው ሳምንት ወዴት እንደሚዘምት ጠየቀ። ወደ ኮስትኮ ነበር።

በቅርብ ያየነውን አንድ ነገር እናስገባ። ሌሊት መኪናው ሲከፈት ከመስተዋቱ ሥር የሚወርድ ብርሃን በአስፋልቱ ላይ የሚጋልብ ፈረስ ይሥላል። አባ ጂቲ ከአፓርትማው ወርዶ፣ ቱታ ለብሶ፣ ቆሻሻ የሚጥል መስሎ፣ ቁልፉን ይጫናል፤ ፈረሱ ይመጣል። ይዘጋዋል። ይከፍተዋል። ከዚያ ገብቶ ይቀመጥና በስክሪኑ ላይ የክሩስኮቱን መልክ ይቀያይራል፤ ከምርጫዎቹ አንዱ ከ1987 እስከ 1993 የተሠሩትን ሙስታንጎች ክሩስኮት አስመስሎ የሚያሳይ ነው። እንግዲህ ተጠኚው የ2024 መኪና በብድር ገዝቶ፣ ሞተሩን ሳያስነሳ፣ በጨለማ የቆመች የ1987 መኪና ውስጥ ተቀምጧል። ደስ ብሎታል። ይህን ስንጽፍ አንቀልድም፤ ከጥናቱ ሁሉ ያለ ማጋነን የተመዘገበው ደስታ ይኸኛው ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ስሜት የሚያበቃበትን ጊዜ መወሰን ለጥናቱ አስቸጋሪ ይሆናል ብለን ፈርተን ነበር፤ ራሱ ጊዜው መጣ። የብድሩ ሁለተኛ ክፍያ ገና አልደረሰም። ነዳጅ ማደያ ቆመን ሳለ ከማዶው ፓምፕ አንድ ጥቁር ሙስታንግ ደረሰ፤ ዳርክ ሆርስ የሚባለው፣ 500 የፈረስ ጉልበት ያለው። ልዩነቱ 14 ፈረስ ነው። አባ ጂቲ የቤንዚኑን ቧንቧ እንደያዘ ቀረ፤ ፓምፑ ሞልቶ ጠቅ ብሎ ቆመ፣ አልሰማውም። ያኛው ሰውዬ ከፍሎ፣ ገብቶ፣ አስነስቶ ሄደ። ድምፁ ከመብራቱ ማዶ እስኪጠፋ ተጠኚያችን በዓይኑ ሸኘው። ከዚያ ወደ ራሱ መኪና ዞረ፤ ኮፈኑን በመዳፉ መታ መታ አደረገ።

"ጂቲም" አለ፣ "ለቤተሰብ ሰው አይከፋም።"