ማርሚታና ማዕረግ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያልፈው አስፋልት ሐሙሲትን አቋርጦ ወረታ ይደርሳል፤ ከወረታ ወደ ቀኝ የታጠፈ ደግሞ በአለም ሳጋ ደን በኩል ሽቅብ ወደ ደብረ ታቦር ይወጣል። በዚህ መንገድ የሚመላለሰው ባለ 100 ሲሲ ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣ ጨዋ ነበር። ጨዋነቱን የሚያጣው ከብየዳ ቤት ደጃፍ ሲደርስ ነው። ባለቤቱ ማርሚታውን ለምን እንዳስበሳ ሲጠየቅ ከሦስት መልስ አንዱን ይሰጣል፦ ጉልበት ይጨምራል፣ ከአደጋ ይጠብቃል፣ ድምፁ ያምራል። ይህ ጥናት ሦስቱንም በየተራ መርምሮ አንዳቸውም ውኃ እንደማይቋጥሩና እውነተኛው ምክንያት ማዕረግ መሆኑን ያስረዳል።

አስቀድሞ ስለ አሠራሩ። ማርሚታ ከውጭ ሲያዩት አንድ ቧንቧ ይምሰል እንጂ ውስጡ እንደ ቤት በቆርቆሮ ግድግዳ በጓዳ በጓዳ የተከፈለ ነው፤ ከአንዱ ጓዳ ወደ ሌላው የሚያሻግሩት ቀጫጭን ቱቦዎች ናቸው። ከሲሊንደር ፈንድቶ የወጣው ጭስ በየጓዳው እየዞረ፣ ከግድግዳው እየተላተመ፣ ንዴቱ በርዶለት ይወጣል። ባለሙያው ይህን ሁሉ ያፈርሰዋል። የኋላውን ጫፍ በግራይንደር ይቆርጣል፣ የውስጡን ቱቦ በጉጠት ጎትቶ ያወጣል፣ ጥላሸቱን መንገድ ዳር ያራግፋል፣ ጫፉን መልሶ ይበይዳል። አቅም ያነሰው የኋላ ክዳኑን ሦስት አራት ቦታ በመሰርሰሪያ ያስበሳል፤ መብራት የጠፋ ቀን ሚስማርና መዶሻም ይበቃል። ከዚህ የሚገኘውን ድምፅ ቅዱስ ያሬድ ይቅር ይበለንና በሦስት ስልት መክፈል ይቻላል፦ ግዕዙ የፋብሪካው፣ ዕዝሉ የተበሳው፣ አራራዩ ውስጡ ወጥቶ ቁልቁለት ላይ ጋዝ ሲለቀቅለት ጧ ጧ የሚለው። ክፍፍሉ ድፍረት የሚመስለው አንባቢ የአካባቢውን ታሪክ ያስታውስ። የፎገራው ናበጋ ተወላጅ አለቃ ገብረ ሐና ያመጡት አዲስ የአቋቋም ስልት ጎንደር ላይ ተቃውሞ ገጥሞት ደብረ ታቦር ላይ በልጃቸው በተክሌ አማካይነት ሥር ሰዷል፤ ዛሬም በልጁ ስም ይጠራል። እንግዲህ ጎንደር የገፋችውን ደብረ ታቦር መቀበሏ የተመዘገበ ነው። ማርሚታን አይጨምርም የሚል ካለ ማስረጃውን ያቅርብ።

ወደ ጉልበቱ እንመለስ። «ሞተሩ በደንብ ይተነፍሳል» የሚለው ክርክር የሚናቅ አይደለም፤ ችግሩ የሚተነፍሰው አየር ከየት ይመጣል የሚለው ነው። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሯ ከባሕር ወለሉ አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ፋብሪካው 8 የፈረስ ጉልበት ብሎ የሸጠው ሞተር እዚያ ሲደርስ ወደ 6 ይወርዳል፤ ሁለቱ ፈረሶች አለም ሳጋ ደን ውስጥ ቀርተዋል ማለት ነው፤ ማርሚታ ስለተበሳ ደግሞ ተመልሰው አይመጡም። አንድ ነገር ግን ለባለሙያዎቹ መፍቀድ አለብን። በደጋ ካርቡሬተሩ ለሳሳው አየር የሚበዛ ቤንዚን ይለቅቃል፣ የተከፈተ ማርሚታ ደግሞ አየሩን አብዝቶ ድብልቁን ያቀጥነዋልና ክርክራቸው ከእውነት ጋር የሥጋ ዝምድና አለው። ይሁንና የዚህ በሽታ ትክክለኛ መድኃኒት ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የምታሳልፈውን ትንሽ ቀዳዳ በጠበበች መለወጥ ነው። ሥራው ንጹሕ ነው፤ ነውሩ ድምፅ ማጣቱ ነው፤ ስለዚህም ደንበኛ የለውም። ጉልበት ፈላጊ ሁሉ ድምፅ የሌለውን ጉልበት ትቶ ጉልበት የሌለውን ድምፅ ከመረጠ የፈለገው ጉልበት አልነበረም። ያ ጧ ጧ የሚለውም ሲሊንደር ውስጥ ሳይቃጠል ያመለጠ ነዳጅ የጋለ ቧንቧ ውስጥ ሲፈነዳ ነው፤ ማለትም በሃይላንድ ጠርሙስ በውድ የተገዛ ቤንዚን ለመንገደኛው መዝናኛ ሲተኮስ።

የደኅንነቱ ክርክር ከዚህም ያጠረ ዕድሜ አለው። የማርሚታ አፍ ወደ ኋላ ነው የሚያየው። ከፊት የሚመጣው የሲኖትራክ ሾፌር መስኮቱን ዘግቶ ዘፈኑን ከፍቷል፤ የገበያ ቀን መንገድ የዘጋችው አህያ ደግሞ ዋናውን ድምፅ የምትሰማው ሞተሩ ካለፋት በኋላ ነው፤ ያኔ ብትደነግጥ የሚጠቀመው ከኋላ የሚመጣው ባጃጅ አይደለም። ለማስጠንቀቂያ ክላክስ የሚባል ነገር ተፈጥሯል፣ ሞተሩም ላይ ተገጥሟል። ውበቱስ? ይኸኛው በጣዕም የሚያከራክር ይመስል ነበር፣ ነገር ግን ነጂው ከድምፁ እየሸሸ የሚሄድ ሰው ነው፤ ሲፈጥን ጆሮውን ንፋስ ይሞላዋል። ለራሱ ጆሮ ሲል ያስበሳ ሰው ከሁሉም ያነሰ ድርሻ ይደርሰዋል። ሙሉውን የሚወስደው ከኋላ የቀረው ሰፈር ነው፤ ያውም በአገራችን የድምፅ መመዘኛ ለመኖሪያ ሰፈር የተፈቀደው ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ሆኖ ሳለ። በዚህ ልኬት 10 ሲጨመር የድምፁ ኃይል 10 እጥፍ ማደጉን የሚያውቅ ሰው ሌሊት ሦስቱን ቀዳዳ ይዞ በሰው አጥር ሥር አያልፍም።

የሚቀረው ማዕረግ ነው። በቀድሞው ሥርዓት ትልቅ ሰው ከመታየቱ በፊት ይሰማ ነበር፤ ነጋሪትና እምቢልታ የሚቀድሙት በሹመቱ ልክ ነበር፣ ያለ ሹመት ነጋሪት ማስጎሰም ደግሞ ሽፍትነት ነው። ነጂው በአንድ መሰርሰሪያ ያገኘው ይህንን መብት ነው። አካባቢው ለታላላቅ ቧንቧ እንግዳ አይደለም፤ ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የአፄ ቴዎድሮስ ፈረንጆች ያቀለጡት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ 7 ቶን ገደማ ይመዝን ነበር፤ ለወራት ተጎትቶ መቅደላ ደረሰ፤ በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞችን አላስቆመም፤ ዛሬም እዚያው አለ፤ አምሳያው ደግሞ አዲስ አበባ አደባባይ ቆሞለታል። ቧንቧ በሠራው ሥራ ብቻ እንደማይመዘን ከዚህ የተሻለ ምስክር አይገኝም። በውጭው ዓለም ነገሩ በተቃራኒው ሄዷል፦ መትረየስ የፈለሰፈው ሂራም ማክሲም በተኩሱ ጆሮው ደንቁሮ ሲቀር፣ ልጁ እ.ኤ.አ. በ1909 ለጠመንጃ ድምፅ ማፈኛ የባለቤትነት መብት አወጣ፣ ዘዴውንም ለሞተር ጭስ ማውጫ አዋለው። አባት አደነቆረ፣ ልጅ ካሰ። እኛ ዘንድ አባት በበቅሎ በጸጥታ ኖሮ ልጅ ማርሚታ በሳ።

«ወጣቱ ሌላ ምን ሹመት አለው?» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ሙሉ መልስ የለንም፤ የሚበሳውም ለዚሁ መሆኑን ግን ጠያቂው ራሱ አምኗል። ዘመኑም ለዚህ ሹመት አጭር ነው። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ሞተሮችን አግዳ ኋላ ተመዝግበው ለተፈቀደላቸው ብቻ ከፍታለች፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ አገሩ ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ አዙሯል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር የሚበሳ ማርሚታ የለውም። እስከዚያው ለማስበሳት የቆረጠ አንባቢ ካለ አንድ ነገር አደራ፦ ከማርሚታው የወጣውን የውስጥ ቱቦ አይጣሉት። ሞተሩን የሚሸጡ ቀን ገዢው ዞሮ ዞሮ የሚጠይቀው እሱን ነው።